በጎልማሳ ዕድሜ ነርሲንግ ለመማር ካሰቡ፦ ከመግባትዎ በፊት ያሉትን ወራት እንዴት ይጠቀሙባቸው?

ነርሲንግ ትምህርት ቤት የገባሁት በ39 ዓመቴ ነው። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከመጀመሪያ ልጄ በአራት ዓመት ብቻ ትበልጥ ነበር። ከመግባቴ በፊት እንቅልፍ የሚነሳኝ አናቶሚው (የሰውነት ክፍሎች ትምህርቱ) ነበር፤ ያን ሁሉ ስም በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ እያልኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርቱን ጥዬ ልወጣ የደረስኩት ግን በሌላ ነገር ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ዋርድ መገኘት ነበረብኝ፤ ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት የሚገባው ደግሞ 2 ሰዓት ነው። በመካከል ላለችው ለዚያች አንድ ሰዓት ልጁን የምትይዝልኝ ታመመች፤ የሚተካት ሰው አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት እያረፈድኩ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት የተግባር አስተማሪያችን ለብቻዬ ጠርታ “ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ካረፈድሽ ልምምዱን እንደ አዲስ ትደግሚዋለሽ” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ዕድሜ ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ሲያማክሩኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ትምህርቱን ይችሉታል። የሚጥለው ሳይዘጋጁ የገቡበት ኑሮ ነው፤ እሱ ደግሞ አስቀድሞ ሊስተካከል ይችላል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጊዜ ካለዎት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በዓይንዎ ይዩት

ብዙዎቻችን ነርስነትን የምናውቀው ታመን ተኝተን ወይም ታማሚ ልንጠይቅ ሄደን ነው። ከዚያ በኩል የሚታየው መርፌውና ፈገግታው ብቻ ነው። የቀረው የሥራው ክፍል ሌላ ነው፦ ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ታካሚ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ሽንትና ሰገራ ማንሳት፣ የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑና ከነሰዓቱ መመዝገብ፣ የተቆጣ ቤተሰብ ማረጋጋት፣ ታካሚ ሲያርፍ ደግሞ አስከሬኑን በክብር ማዘጋጀት። ይህን ሳያዩ ዓመታትዎንና ገንዘብዎን አያውጡ።

ቢቻል በበጎ ፈቃደኝነት ወይም በረዳትነት ሆስፒታል፣ አለዚያም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይሥሩ። ካልተቻለ ቢያንስ ሦስት ነርሶችን ቁጭ ብለው ያነጋግሩ፦ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው፣ አሥር ዓመት የሠራ፣ እና እንደ እርስዎ ዘግይቶ የጀመረ። “ሥራው እንዴት ነው?” ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ “ጥሩ ነው፣ ይከብዳል” ብቻ ይሆናል። “ትናንት ከገባሽበት እስከ ወጣሽበት ሰዓት ምን ምን ሠራሽ?” ብለው ይጠይቁ። እኔ እንዲህ ብዬ የጠየቅኳት ነርስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተረኝነቷ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች ቆጥራ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ነበር፤ ሁለቱንም መዝገብ ለመጻፍ።

ካዩ በኋላ “ይህን አልፈልግም” ካሉ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ዓመት አትርፈዋል። አሁንም ከፈለጉ ደግሞ ምክንያትዎ ከበፊቱ የጠራ ይሆናል፤ ለቃለ መጠይቁም ይጠቅምዎታል።

ደረጃ 2፦ የሚገቡበትን ፕሮግራም ያጣሩ

ነርሲንግ እንደየአገሩ በሰርተፊኬት፣ በዲፕሎማና በዲግሪ ይሰጣል። ማስታወቂያ አይቶ ከመመዝገብ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከዚህ ትምህርት ቤት የሚመረቅ ሰው የሥራ ፈቃድ ያገኛል ወይ? መልሱን ከትምህርት ቤቱ አይስሙ። የነርሶችን ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄደው ወይም ደውለው የትምህርት ቤቱ ስም በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ራስዎ ያረጋግጡ። ከዚያም ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናውን በምን ያህል እንደሚያልፉ፣ ከገቡት ተማሪዎችስ ስንቶቹ እንደሚጨርሱ ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ፈተና ላይ የሚቀመጠው እስከ መጨረሻው የዘለቀው ብቻ ነውና።

“ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ነርስ እናደርግዎታለን” የሚል ካጋጠመዎት ይራቁ። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን መማር ይቻላል፤ ተግባሩ ግን ከታካሚ አልጋ አጠገብ ካልሆነ አይሆንም። የትምህርቱን ክብደት ለመገመት የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ማየት በቂ ነው፦ ለአጠቃላይ ነርስ ቢያንስ ሦስት ዓመትና 4,600 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ የተግባር ልምምድ ነው።

የድሮ ማስረጃዎችዎን ዛሬውኑ ማሰባሰብ ይጀምሩ። ከሃያ ዓመት በፊት የተማሩበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወይም ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ትራንስክሪፕት ማስወጣት ሳምንታትን ይፈጃል። በመታወቂያዎና በትምህርት ማስረጃዎ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ ማመልከቻ ያስመልሳል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ውጤት አይቀበሉም። እንዲህ ከሆነ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን እንደገና መውሰድ ይኖርብዎታል፤ ከልብ የምመክረው ግን ባይጠይቁዎትም እንዲወስዱት ነው። ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃና የጤና ምርመራም በብዙ ቦታ ይጠየቃል።

ደረጃ 3፦ 168 ሰዓትዎን ወረቀት ላይ ያስፍሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው ይሥሩት የምልዎት ይህን ደረጃ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። እርሳስና ወረቀት ይዘው ቁጭ ይበሉና እንዲህ ይቀንሱ፦ እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ቢሆን 49፣ ክፍልና ተግባር ልምምድ 35፣ ለብቻ የሚያጠኑበት 18፣ መንገድ 8፣ ምግብ፣ መታጠብና የቤት ሥራ 21። ድምሩ 131 ነው። የሚተርፈው 37 ሰዓት ነው። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ይፈልጋል። ሦስት ሰዓት ጎደለ፤ ያውም ልጆችዎን አንድ ደቂቃ ሳያዩ፣ ሳይታመሙ፣ ለቅሶም ሠርግም ሳይሄዱ።

ስለዚህ “ሥራዬን ሳልለቅ እንደምንም እማራለሁ” የሚለው ሐሳብ ለአብዛኛው ሰው ሒሳቡ አይወጣም። ከሦስት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፦ ሥራን መቀነስ፣ የማታ ወይም የትርፍ ጊዜ ፕሮግራም ፈልጎ በረዘመ ጊዜ መጨረስ፣ ወይም ለሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ መግባት። ሦስቱም ያዋጣሉ። የማያዋጣው ከእንቅልፍ እየሰረቁ መኖር ነው። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ያጠናውን አይይዝም፤ እንቅልፍ ያጣ ነርስ ደግሞ የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል።

ከዚያ ቤተሰብዎን ሰብስበው ይቀመጡ። “ላግዝሽ፣ አለሁልህ” የሚል ቃል ደስ ይላል፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ይለያል። የተግባር ልምምድ ሰዓት እርስዎ የሚመርጡት አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት የሚጀምር፣ ማታ 3 ሰዓት የሚያልቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሆን፣ ቅዳሜና እሑድም የሚውል አለ። እያንዳንዱን ዓይነት ፈረቃ ለየብቻ ጽፈው ከጎኑ ሦስት ስም ያስቀምጡ፦ ልጁን ወይም አረጋዊ ወላጅዎን የሚይዝ፣ እሱ ባይመቸው የሚተካ፣ ሁለቱም ባይኖሩ የሚደርስ። ሦስቱንም በግንባር ጠይቀው “እሺ” ያሰኙ። እኔ ያኔ የነበረኝ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሷ በታመመችበት ሳምንት ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው።

ትምህርቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው አራት ሳምንት እንደ ተማሪ ኖረው ይሞክሩት። በሳምንት ሦስት ቀን በልምምድ ሰዓት ተነስተው ይውጡ፤ በሌሎቹ ቀኖች ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ስልክዎን ሌላ ክፍል ትተው ያጥኑ። ቤቱ የት ላይ እንደሚንገዳገድ ያኔ ይታያል። እኛ ቤት ልብስ አጠባው ነበር የወደቀው፤ ለትልቋ ልጄ ሰጠሁና ተፈታ። በፈተና ሳምንት ቢሆን ኖሮ ግን ጠብ ይሆን ነበር።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን በሙሉ ይቁጠሩ

ክፍያው ላይ ብቻ አያተኩሩ። ዩኒፎርም፣ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ፣ ስቴቶስኮፕ፣ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ መጻሕፍት፣ ክትባት፣ የጤና ምርመራ፣ ራቅ ወዳሉ የልምምድ ቦታዎች ትራንስፖርት፣ በመጨረሻም የፈቃድ ፈተና ክፍያ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥራ በመቀነስዎ የሚቀርብዎት ገቢ ነው፤ እሱን እንደ ወጪ ይጻፉት። ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ መጠባበቂያ ሳይዙ ባይገቡ እመርጣለሁ። ውድ ስቴቶስኮፕ አሁን አይግዙ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ተራው ይበቃል። ጫማ ላይ ግን አይቆጥቡ።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን ዛሬ ይጀምሩ

ከትምህርት ርቆ የቆየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጠው በመድኃኒት ስሌት ነው። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፦ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ ነጥብ። የሚያስፈራው የማለፊያ ነጥቡ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች 90 በመቶ፣ አንዳንዶቹም ሙሉ ነጥብ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ላይ ስሕተት የሚጎዳው ታካሚውን ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹን እንደ ስምዎ ይወቋቸው፦ 1 ግራም 1,000 ሚሊግራም ነው፣ 1 ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው፣ 1 ሊትር 1,000 ሚሊሊትር ነው። ከዚያ ወደ ስሌቱ።

ክብደቱ 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ታዘዘ እንበል። 12 ሲባዛ በ15፣ 180 ሚሊግራም ይሆናል። እጅዎ ላይ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም የያዘ ነው። 180 ለ120 ሲካፈል 1.5፤ ይህን በ5 ሲያባዙት 7.5 ሚሊሊትር። እዚህ ላይ አይቁሙ፤ መልስዎን በዓይንዎ ይመዝኑት። 5 ሚሊሊትር 120 ከያዘ 10 ሚሊሊትር 240 ይይዛል፤ 180 በሁለቱ መካከል ነው፣ 7.5ም በሁለቱ መካከል ነው። ተስማማ። መልሱ 75 ቢመጣብዎት ኖሮ ይህች አንዲት እይታ ትይዝልዎት ነበር።

ሌላ ምሳሌ፦ 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲገባ ታዘዘ፤ የሚንጠባጠብበት ቱቦ በ1 ሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። ጠቅላላ ጠብታው 1,000 ሲባዛ በ20፣ 20,000 ነው። 8 ሰዓት ማለት 480 ደቂቃ ነው። 20,000 ለ480 ሲካፈል 41.67፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ሰዓትዎን ይዘው ጠብታውን ሲቆጥሩ በ15 ሰከንድ ከ10 እስከ 11 ጠብታ ማየት አለብዎት።

የነጥብ አጻጻፍንም ከአሁኑ ይልመዱ። ግማሽ ሚሊግራም ሲጽፉ ሁልጊዜ 0.5 ይበሉ፤ ከፊት ያለው ዜሮ ከቀረና ነጥቧ ከደበዘዘች 5 ተብሎ ይነበባል፣ አሥር እጥፍ። አምስት ሚሊግራምን ደግሞ 5 ብቻ ይበሉት፤ 5.0 ካሉ 50 ሊነበብ ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ፈተና 0.125 ሚሊግራምን ወደ ማይክሮግራም ስቀይር 12.5 ብዬ ጻፍኩ። ትክክሉ 125 ነው። አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችልኝ “ታካሚው መድኃኒቱን አላገኘም” የሚል ነበር። በየቀኑ አምስት ጥያቄ ለሦስት ወር ይሥሩ፤ ያለ ካልኩሌተር ይጀምሩ።

ደረጃ 6፦ አናቶሚን በቃል ሳይሆን በጥያቄ ያጥኑ

በጎልማሳነት ያለው ትውስታ እንደ ወጣትነቱ ቶሎ አይጨብጥም ይሆናል፤ ማያያዝ ግን ይችልበታል። ሥራዎን በዚያ ላይ ያድርጉት።

ቃላቱን በመበተን ይጀምሩ። የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ፣ እንደ ጡብ የሚገጣጠሙ ናቸው። “ካርዲ” ልብ ነው፣ “ሄፓት” ጉበት፣ “ኔፍር” ኩላሊት፣ “ጋስትር” ጨጓራ። “ታኪ” ፈጣን፣ “ብራዲ” ቀርፋፋ፣ “ሃይፐር” ከመጠን በላይ፣ “ሃይፖ” ከመጠን በታች። “አይቲስ” ሲጨመር ብግነት፣ “ኤክቶሚ” ሲጨመር ቆርጦ ማውጣት ይሆናል። እንዲህ ካወቁ ታኪካርዲያ፣ ጋስትራይቲስ፣ ኔፍሬክቶሚ የሚሉትን ማንም ሳያስረዳዎት ይረዷቸዋል። ሠላሳ አርባ ሥር ቃላት በትንንሽ ወረቀት ጽፈው ኪስዎ ይያዙ።

ቀጥሎ ልብን ይውሰዱ። መጽሐፉን ዘግተው ባዶ ወረቀት ላይ አራቱን ክፍሎች ይሳሉና አንዲት የደም ጠብታ ይከተሉ፦ ከሰውነት ተመልሳ ወደ ቀኝ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ቀኝ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ሳንባ፣ ኦክስጅን ይዛ ወደ ግራ ላይኛው፣ ወደ ግራ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ መላው ሰውነት። አሁን ጥያቄ ይጠይቁ። ግራው ታችኛው ክፍል ደክሞ በደንብ መግፋት ቢያቅተው ደሙ ወዴት ይጠራቀማል? ወደመጣበት፣ ማለትም ወደ ሳንባ። ስለዚህ ታካሚው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ተደግፎ ቁጭ ማለት ይፈልጋል። ቀኙ ቢደክምስ? ወደ ሰውነት ይመለሳል፤ እግር ያብጣል። በቃልዎ የያዙት አንድም ነገር የለም፤ ሁለት የልብ ድካም ምልክቶችን ግን ከነምክንያታቸው አወቁ። ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ ቆሽትን በዚሁ መንገድ ይሂዱባቸው። ከመግባትዎ በፊት እነዚህን አራቱን በሚገባ ቢይዙ ይበቃል፤ ሙሉውን መጽሐፍ ለመጨረስ አይሞክሩ።

የሚረሱ ከሆነ አይደንግጡ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ራሱን እየፈተነ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣው ሥራ አዲስ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ እያራራቁ መከለስ ግን እንደሚያቆየው አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ ያጠኑትን ነገ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ይመለሱበት። ሲመለሱ ደግሞ ደግመው አያንብቡ፤ መጽሐፉን ዘግተው ያስታውሱ፣ ከዚያ የጎደለውን ይሙሉ። መስመር ማስመር ያጠኑ ያስመስላል እንጂ አያስይዝም፤ እኔ የመጀመሪያውን ወር በቢጫ ቀለም አባክኜዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ሰውነትዎን ያዘጋጁ

ክትባቱን ቀድመው ይጀምሩ፤ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። የሄፓታይቲስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጡ ሦስት ዙር ነው፦ መጀመሪያ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ከመጨረሻው ዙር አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ ሰውነትዎ በቂ መከላከያ ማበጀቱ በደም ምርመራ ይታያል። ከማመልከቻው ጋር አብረው ቢጀምሩት እንኳ ልምምዱ ሊቀድምዎት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ የኩፍኝና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶችም ብዙ ቦታ ይጠየቃሉ። የድሮ የክትባት ካርድ ካለዎት ፈልገው ያውጡት።

ዓይንዎን ያስመርምሩ። ይህን የሚነግርዎት ሰው ብዙም የለም፤ ነገር ግን ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቅርብ ያለን ነገር የማንበብ አቅም ይቀንሳል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የሚያነቡትም ሌሊት፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ እየተጣደፉ ነው። መነጽር ካስፈለገዎት ሁለት ይኑርዎት፤ አንዱ ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ጆሮዎንም እንዲሁ፤ የደም ግፊት በስቴቶስኮፕ ሲለኩ የሚሰማው ድምፅ ስስ ነው።

እግርና ወገብ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆም ይጠብቃቸዋል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጭንና ሆድን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በቂ ነው። የቆየ የወገብ ሕመም ካለብዎት ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ። ሰው ሲያነሱ ለብቻ አለማንሳትን ትምህርት ቤቱ ያስተምርዎታል፤ እርስዎ ግን ቤትዎ ውስጥ ሲያነሱ ጉልበት አጥፎ መነሳትን አሁን ይልመዱ።

ደረጃ 8፦ እጅዎን ያስለምዱ

ቤተሰብዎ ላይ ሊለማመዱት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። ጤናማ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሲሆን የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹ ከ12 እስከ 20 ነው። የእጅ አንጓ ላይ በሁለት ጣት ምቱን ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በአውራ ጣት አይሁን፣ የራሱ ምት ያሳስትዎታል። ትንፋሽ ሲቆጥሩ ደግሞ ለሰውየው አይንገሩት። አንጓውን እንደያዙ ምት የሚቆጥሩ መስለው ደረቱን ይዩ፤ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል።

እጅ መታጠብን እንደ አዲስ ይማሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና ውሃ ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይላል፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ጫፍ ሁሉ ተዳርሶ። አንድ ቀን ሰዓት ይዘው ይሞክሩት፤ ለካ ስንታጠብ የኖርነው ለአሥር ሰከንድ ያህል ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኙ ይውሰዱ። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን፣ ከየ30ው በኋላ ሁለት ትንፋሽ መስጠት እንደሚባለው ቀላል አይደለም። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ሁለት ደቂቃ ሲሠሩ ላብ በላብ ይሆናሉ።

ኮምፒውተር ላይ ፈዘዝ ካሉ አሁኑኑ መፍታት ይጀምሩ፦ ሰነድ መጻፍ፣ ፋይል መላክ፣ በሁሉም ጣት መተየብ። ወጣቶቹ ይህን እንደ ትምህርት አይቆጥሩትም፤ ማንም ቆሞ አያስተምርዎትም።

ደረጃ 9፦ ቃለ መጠይቁ

“ሰው መርዳት ስለምወድ” የሚለውን ጠያቂዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ይውላሉ። እውነት ቢሆንም ብቻውን ምንም አይነግራቸውም። በእርስዎ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው የሚያወራው ያየው ነገር አለው፤ አንድ ብቻ ይምረጡ። እኔ የነገርኳቸው እናቴን ሳስታምም ስላየሁት ነገር ነው። አንዲት ነርስ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት እናቴን ስሟን ጠየቀቻት። ከሳምንት በላይ ታውቃታለች፤ ቢሆንም ጠየቀቻትና የእጇን መለያ አየች። ያኔ ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ገባኝ፤ ስም መጠየቋ አለማወቋ ሳይሆን ጥንቃቄዋ ነበር። ይህን ስነግራቸው ከጠያቂዎቹ አንዷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

“ለምን አሁን?” እና “ቤተሰብዎን እንዴት ያደርጋሉ?” የሚሉትን ጥያቄዎች ይጠብቁ። ደረጃ 3 ላይ የሠሩት ወረቀት መልስዎ ነው። የሌላ ሰው ሕመም ምሳሌ አድርገው ካነሱ ስሙንና የሚታወቅበትን ነገር አያንሱ፤ ምስጢር መጠበቅን የሚለኩት ከዚያው ጀምሮ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ማፈር አያስፈልግም። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ራሷ ቤተሰቧ ለዓመታት ሲቃወማት ቆይቶ ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት ሄዳ የሠለጠነችው እ.ኤ.አ. በ1851፣ በ31 ዓመቷ ነበር።

ደረጃ 10፦ የሚያውቁትን ለመተው ይዘጋጁ

ልጅ ማሳደግ፣ ወላጅ ማስታመም፣ ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ትልቅ ሀብት ነው፤ ወጣቶቹ ይህን ገና ይማሩታል። አንዳንዱ ልምድ ግን መጣል አለበት። እኔ እናቴን ሳስታምም ጀርባዋ ላይ የቀላውን ቦታ በቅባት አሽላት ነበር፤ ለእሷ የሚበጃት መስሎኝ። ክፍል ውስጥ ግፊት በዝቶበት የቀላ ቆዳን ማሸት ከሥሩ ያለውን ሕብረ ሕዋስ ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል፣ የሚያስፈልገው ጫናውን ከቦታው ማንሳት እንደሆነ ስሰማ እንባዬ መጣ። ያን ቀን “እኛ ቤት ግን እንዲህ ነበር የምናደርገው” ብዬ መከራከር ይቃጣኝ ነበር፤ ዝም ብዬ መጻፍ መረጥኩ።

በልጅዎ ዕድሜ ያለ አስተማሪ በታካሚ ፊት ያርምዎታል። “አመሰግናለሁ፣ እንደገና ላሳይህ” ብሎ መድገምን ከአሁኑ ይለማመዱ። ከወጣቶቹ ጋር በቡድን ያጥኑ፤ እነሱ ለፈተናው ፈጣን ናቸው፣ እርስዎ ደግሞ ታካሚ ሲያናግሩ አይሸበሩም። በእኔ ቡድን እኔ ለልጆቹ ከባድ ወሬ ለቤተሰብ ሲነገር እንዴት እንደሚቀመጡ አሳየኋቸው፤ እነሱ የአሲድና ቤዝ ሚዛንን እስኪገባኝ ድረስ ሦስት ጊዜ ደገሙልኝ።

የመጨረሻው ሳምንት

ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ልምምድ ቦታው በእውነተኛው ሰዓት አንድ ጊዜ ሄደው ይምጡ። ጫማዎን ቤት ውስጥ አድርገው ይዋሉበት። ጥፍርዎን ይቁረጡ፣ ቀለሙን ያስለቅቁ፣ ቀለበትና አምባር ቤት ይቅሩ። ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ መነጽር ይኑር። የተረኞችን ስም አዲስ በገቡበት ቀን ይጻፉ፤ የፈረቃ ርክክብ ሲደረግ ደግሞ ያልገባዎትን ቃል ጽፈው ማታ ይፈልጉት።

የመጀመሪያውን ክፍት ቁስል ሲያዩ ጆሮዎ ቢጮህ፣ ዓይንዎ ጭልም ቢል፣ ቀዝቃዛ ላብ ቢያሰምጥዎት ነውር አይደለም፤ ብዙ ተማሪዎች ያጋጥማቸዋል፣ ዕድሜም አያድንም። ቁርስ ሳይበሉ፣ ውሃ ሳይጠጡ አይግቡ። ሲቆሙ ጉልበትዎን ገትረው አይቆልፉት። ምልክቱ ሲጀምር እግርዎንና ጭንዎን አጥብቀው ያኮማትሩ፣ አጠገብዎ ላለው ሰው “ልቀመጥ ነው” ይበሉ፣ ከታካሚው አልጋና ከተዘጋጀው ንጹሕ ዕቃ ወደ ኋላ ርቀው ወለሉ ላይም ቢሆን ይቀመጡ። ሲሻልዎት እጅዎን ታጥበው ተመልሰው ይግቡ።